ከክቡ ሥር ማን አለ?

የቆርኪ የውጭ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው። የአምቦ ውሃ ይሁን የቢራ ወይም የለስላሳ፣ ፋብሪካው ይለያያል እንጂ መለኪያው ያው ነው። አንዱን ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሌሎች ስድስት ዙሪያውን አስጠጉበት፤ ሳይተርፍ ሳይጎድል ይገጥማል። ሰባቱን አንድ ላይ የሚሸፍን ክብ ከካርቶን ልትቆርጡ ብትፈልጉ ስፋቱ 96 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ይህን ያህል ስለ ቆርኪ የማውቀው ኮልፌ ውስጥ፣ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ የጠረጴዛ ጦርነት ስለምንጫወት ነው። ጠረጴዛው በሁለት የቡና ሳጥን ላይ የተጋደመ ኮምፔንሳቶ ነው። ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሁለት ሰዎች ጥቃቅን ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፣ በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፣ ተኩሱ መታ አልመታም የሚለውን በዳይስ ይወስናሉ። በውጭው ዓለም ወታደሮቹ ተገጣጥመውና ቀለም ተቀብተው የሚቆሙ ምስሎች ናቸው። ዋጋቸው አይቀመስም። እኛ ቆርኪ ነው ያለን። ደግነቱ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ስም የሆነው ዋርሃመር 40,000 ዋና ዋና ወታደሮቹን የሚያቆምባቸው ክብ መቆሚያዎች ስፋታቸው 32 ሚሊ ሜትር ነው። ቆርኪያችን አንድ ነገር ሳይቀየርለት እንግሊዞች የጻፉት ሕግ ውስጥ ይገባል።

ልጽፍበት የፈለግሁት ከሕጉ ውስጥ አንዱን ክፍል ነው፤ ስለ ፍንዳታ የሚናገረውን። የሕግ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ሒስ የሚጻፍበት ነገር አይመስልም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ካነበባችሁት ዓለሙን ይነግራችኋል። የጥይት ሕግ ቀላል ነው፤ አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ይመታል ወይም ይስታል። ቦምብ ሲመጣ ግን ጸሐፊው አንድ የማያመልጠው ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ከተተኮሰበት ሰው ሌላ ማን ይጎዳል? ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ስለ ጦርነት ያለውን እምነት ያወጣበታል።

የቀድሞዎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። በ1824 እ.ኤ.አ. የፕሩሺያው መኮንን ራይስቪትስ ያሳተመው ክሪግስሽፒል በ1:8000 ካርታ ላይ የሚካሄድ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ነበር፤ መድፍ ሲተኮስ ዳኛው ሠንጠረዥ አይቶ፣ ዳይስ ጥሎ ኪሳራውን ይቆጥራል። የተመታው ሰው አይታይም፤ ቁጥሩ ነው የሚቀንሰው። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ባወጣው «ሊትል ዋርስ» ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ይታያል። በስፕሪንግ የሚተኩስ የመጫወቻ መድፍ ትንሽዬ እንጨት ይወረውራል፣ የወደቀው ወታደር ሞተ ይባላል። በቃ። ደስ የሚል ነው፤ ግን ፍንዳታ የለውም። የዌልስ መድፍ እኛ ሰፈር በብይ ቆርኪ ከመምታት ብዙም አይለይም።

ፍንዳታን ራሱን ጠረጴዛ ላይ ያመጣው ክቡ ነው። በዋርሃመር 40,000 እስከ ሰባተኛው እትም፣ ማለትም እስከ 2014ቱ መጽሐፍ ድረስ፣ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣ በውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ክብ ነበር፤ ትንሹ 3 ኢንች፣ ትልቁ 5 ኢንች። ተኳሹ ክቡን ዒላማው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ቀስት የተሳለበትን ልዩ ዳይስ ከሁለት ተራ ዳይሶች ጋር ይጥላል። ከልዩ ዳይሱ ስድስት ገጾች በሁለቱ ላይ «መታ» የሚል ምልክት አለ፤ ያ ከወጣ ክቡ ካለበት አይነቃነቅም። አለዚያ ቀስቱ ወዳመለከተበት አቅጣጫ፣ የሁለቱ ዳይሶች ድምር ከተኳሹ ችሎታ ተቀንሶለት፣ በዚያ ኢንች ያህል ይንሸራተታል። የሁለት ዳይስ አማካይ ድምር 7 ነው፤ ችሎታው 4 የሆነ ወታደር በአማካይ 3 ኢንች ያህል ይስታል ማለት ነው። ክቡ ካረፈ በኋላ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተመታ።

«ሁሉ» የሚለው ቃል ነው የሕጉ ልብ። የራስህን ወታደሮች ሆን ብለህ ከክቡ ሥር ማስገባት አይፈቀድም ነበር። ተንሸራቶ ከሄደባቸው ግን ሄደባቸው። ክቡ የማን ወገን እንደሆነ አይጠይቅም። ቆርኪው የሰማያዊው ይሁን የቀዩ፣ ዒላማው ይሁን በአጠገቡ ሲያልፍ የነበረ፣ ከካርቶኑ ሥር ከሆነ ከሥሩ ነው።

ይህ ሕግ ሰውን ቦታውን እንዲያስብ ያስገድደዋል። ቆርኪዎቹን ካጠጋጋሃቸው ሰባት በአንድ ክብ ይሄዳሉ። ሁለት ሁለት ኢንች አራርቀህ ከዘረጋሃቸው 3 ኢንቹ ክብ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቢያገኝ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ይዘረጋል። በሜትር እየለካ፣ እያንዳንዱን ቆርኪ በጣት ጫፍ እየገፋ፣ አንድ ተራ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። የእኛ ሰፈር ልጆች ትዕግሥታቸው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። «ነካው» «አልነካውም» የሚለው ጭቅጭቅም የሚነሳው እዚሁ ነው፤ ክቡ የቆርኪውን ጥርስ ብቻ ቢነካስ? ሁለት ሰዎች ከላይ ቁልቁል እያዩ፣ አንደኛው ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ኮልፌ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ የተቀበሉት። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ከስምንት ሳምንት በኋላ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ እንደተመለሰም ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። ማንዴላ በግለ ታሪኩ ውስጥ ኮልፌ ላይ ከተማራቸው ነገሮች መካከል አዳፍኔ መተኮስን፣ አነስተኛ ቦምብና ፈንጂ መሥራትን ይጠቅሳል፤ እንዴት ከእነሱ እንደሚጠበቁም ጭምር። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ የቆርኪዎቹ መራራቅ ነው ትዝ ያለኝ። የክቡ ሕግ ሁለቱንም ባንድ ላይ ያስተምራል። ቦምብ መወርወርን የተማረ ተጫዋች በሚቀጥለው ተራ ላይ ራሱ መበተንን ይማራል፤ ማንም ሳይነግረው።

በ2017 የወጣው ስምንተኛ እትም ክቡን ጣለው። የፕላስቲኩ ክብ ከሳጥን ወጣ፣ የቀስቱም ዳይስ እንዲሁ። በቦታው የመጣው ቁጥር ነው። የእጅ ቦምብ የወረወረ ወታደር አንድ ዳይስ ይጥላል፤ አራት ከመጣ አራት ጥይት እንደተኮሰ ይቆጠርለታል። ከዚያ እያንዳንዱ መምታት አለመምታቱ ለብቻው ይጣላል። ይህ የፍንዳታ ሕግ አይደለም፤ የእጅ ቦምብ ስም የተሰጠው ጠመንጃ ነው። አሥር ሰው ቢቆም አንድ ሰው ቢቆም ልዩነት አልነበረውም፣ እንዲያውም ብቻውን የቆመ ሰው ስድስቱንም «ጥይት» ሊቀበል ይችል ነበር። ጸሐፊዎቹም ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ በ2020ው ዘጠነኛ እትም ፍንዳታ የሚባል መለያ ቃል ተመለሰ። ዒላማው ከ6 እስከ 10 ሰው ያለው ጓድ ከሆነ ቢያንስ 3 ጥይት፣ 11ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳይሱ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር ይያዛል። በ2023ቱ አሥረኛ እትም ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ተቃለለ፤ በዒላማው ጓድ ውስጥ ለእያንዳንዱ አምስት ሰው አንድ ተጨማሪ ጥይት። ሃያ ሰው ካለ አራት ይጨመራል።

ፈጣን ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። ክርክሩ ይጠፋል፣ ጨዋታው በሁለት ሰዓት ያልቃል፣ ውድድር ላይ ዳኛ መጥራት ይቀራል። እኛም አንድ ወር ያህል በዚህ ሕግ ተጫውተናል፤ ምሽቱ ሳይገፋ አለቀልን፣ ታክሲም ሳናጣ ቤታችን ገባን።

ግን ሃያዎቹ ቆርኪዎች ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደቆሙ ምንም ለውጥ አያመጣም። ተቃቅፈው ቢቆሙ አራት ነው፣ ጓዱ እስከሚፈቀድለት ድረስ ተዘርግቶ ቢቆምም አራት ነው። ፍንዳታው ቦታን አያውቅም፤ የሚያውቀው የስም ዝርዝርን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመታው ጓድ አጠገብ፣ ሁለት ጣት ርቀት ላይ፣ የቆመው ሌላ ጓድ ምንም አይሆንም። ዒላማ ተብሎ አልተጠራማ። አዲሱ ሕግ ጎረቤትን አጠፋ።

ሙሉ በሙሉ ነው ያጠፋው ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በዘጠነኛውም በአሥረኛውም እትም የራስህ ወታደሮች ተጠግተው ከሚዋጉት የጠላት ጓድ ላይ የፍንዳታ መሣሪያ መተኮስ አትችልም። ጸሐፊው ጎረቤት መኖሩን ያስታውሳል ማለት ነው፤ ያስታወሰበት መንገድ ግን ክልከላ ነው። ድሮ ጎረቤትህ በስህተት ሊጎዳ ይችል ነበር። አሁን ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ተፈቅዶልሃል ወይ አልተፈቀደልህም። የተፈቀደው ተኩስ ከተፈቀደለት ሰው ሌላ ማንንም አይነካም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጠረጴዛው ላይ አንሥታችሁ በየትኛውም አገር የጦር ቃል አቀባይ አፍ ውስጥ ብታስገቡት ይገጥማል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የሁለቱን ሕጎች ልዩነት ለመመዘን ከእኛው ታሪክ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ወሰድኩ። ጠረጴዛ ላይ አላወጣነውም፣ አናወጣውምም፤ የማነሳው የማን አጠገብ ማን እንደቆመ በደንብ ስለሚታወቅ ነው። ቦታው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ ነው። የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለተወለደለት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቧል። ግራዚያኒ ከመኮንኖቹ ጋር ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ።

ዒላማው ግራዚያኒ ነበር፤ ሰውነቱ በፍንጣሪ ተበሳስቶ ሆስፒታል ገባ፣ ተረፈ። የአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ። ጳጳሱ የማንም ጓድ አባል አልነበሩም፤ እዚያ የቆሙት እንዲቆሙ ስለተደረጉ ነው። አሁን ይህን በአሥረኛው እትም ሕግ አንብቡት። ወርዋሪው ዒላማውን ይሰይማል፤ «ግራዚያኒና መኮንኖቹ»። ሰዎቹን ይቆጥራል፣ ለአምስት አምስት አንድ ይጨምራል፣ ዳይሱን ይጥላል። ለጳጳሱ የሚጣል ዳይስ የለም። ሕጉ ጳጳሱ አጠገብ መቆማቸውን የሚያይበት ዓይን የለውም። ክቡ ግን ያያቸዋል። ክቡ ግራዚያኒን ስቶ ሊዮታን ሊያገኝ፣ ሁለቱንም አግኝቶ ሁለቱም ሊተርፉ፣ ያልታሰበ ሰው ሊነካ ይችላል። የዕለቱ አስቸጋሪነት፣ የሁለቱ ወጣቶችም ውሳኔ ክብደት፣ ያለው እዚያው ነው፤ ከማን ጋር ማን እንደቆመ ላይ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው ግድያ በየትኛውም ክብ አይለካም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርጎ አቅርቧል፤ የታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ያ ፍንዳታ አልነበረም፤ በአካፋ፣ በቤንዚንና በክብሪት የተሠራ ሥራ ነው።

ክቡን ያሞገስኩት ግን ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም። ክቡም ይዋሻል፣ ያውም በሁለት ነገር።

አንደኛው ጠርዙ ነው። ከውስጥ ያለው ሁሉ እኩል ተመታ፣ ከውጭ ያለው ምንም አልሆነም። እውነተኛ ፍንዳታ እንዲህ ያለ አጥር የለውም። የፍንጣሪው ብዛት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይሳሳል እንጂ አይቆምም፤ በጣም ርቆ የሄደ አንድ ፍንጣሪ እንኳ ሰው ይገድላል። የአየሩ ግፊት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። የፈንጂውን መጠን ስምንት እጥፍ ብታደርገው ግፊቱ የሚደርስበት ርቀት እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ያልተረዱ የሕግ ጸሐፊዎች ትልቅ ቦምብ ሲጽፉ ክቡን ያለ ቅጥ ያሰፉታል። አፈሩም የራሱን ይሠራል፤ ልል ጭቃ ውስጥ የገባ ጥይት ግማሽ ፍንጣሪው እዚያው ይቀበራል፣ ድንጋይ ላይ የወደቀው ደግሞ ድንጋዩን ራሱን ፍንጣሪ ያደርገዋል። አዳፍኔ ዘንበል ብሎ ሲወርድ ፍንጣሪው ወደ ጎንና ጎን ይበዛል፤ ከላይ ቢታይ ክብ ሳይሆን የተዘረጋ ክንፍ ይመስላል። ደረቱን መሬት ላይ ያጣበቀ ሰው ከቆመው ሰው ጋር አንድ አይደለም። በክቡ ሥር ግን የተኛም የቆመም እኩል ነው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። የ28 ሚሊ ሜትር ምስሎች ከእውነተኛ ሰው ጋር ሲነጻጸሩ 1 ለ56 ገደማ ናቸው። በዚህ ልክ 3 ኢንቹ ክብ መሬት ላይ 4 ሜትር ከ27 ይሆናል፤ 5 ኢንቹ 7 ሜትር ከምናምን። አንድ የኮልፌ ሳሎንና ጓዳ ማለት ነው። የ81 ሚሊ ሜትር አዳፍኔ ግን ሰው የሚጎዳበት ርቀት ከወደቀበት ዙሪያውን 35 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን በ1 ለ56 ስታሳንሱት ስፋቱ 1 ሜትር ከ25 የሆነ ክብ ያስፈልጋችኋል። የተለመደው የጨዋታ ጠረጴዛ ወርድ 1 ሜትር ከ22 ነው። አንድ የአዳፍኔ ጥይት፣ ጨዋታው አለቀ። ጨዋታው የሚያወጣው ሰበብ የመሬቱ መለኪያና የሰዉ መለኪያ አንድ አይደለም የሚል ነው፤ ሰዎቹ ትልልቅ፣ ሜዳው ጠባብ። እሺ፣ ይሁን። ለአዳፍኔ እቀበለዋለሁ።

በእኛ ላይ የዘነበውን ግን የሚቀበል ጠረጴዛ የለም። ኢጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የተጠቀሙበት ሲ. 500. ቲ. የሚባለው ቦምብ 212 ኪሎ ያህል የሰናፍጭ ጋዝ ይይዝ ነበር። ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲፈነዳ ሰዓት ይሞላለታል። የሚወርደው ጠብታ ርዝመቱ ከ500 እስከ 800 ሜትር፣ ወርዱ ከ100 እስከ 200 ሜትር የሆነ ሞላላ መሬት ይሸፍናል። ይህን በ1 ለ56 ብታሳንሱት ርዝመቱ ከ9 እስከ 14 ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ሜትር ትንሽ ከሚያንስ እስከ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል። የጓደኛዬን ሳሎን አልፎ፣ ኮሪደሩን ይዞ፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ከነተከራዮቻቸው ሸፍኖ መንገድ ላይ ይወጣል። ያውም የአንዱ ቦምብ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ወር ተከዜ ላይ የራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዙ ሲጣል ሰዎቹ ከምን እንደሚሸሹ እንኳ አላወቁም ነበር፤ ድምፁ ትንሽ፣ ጉዳቱ በኋላ የሚመጣ። ከዚያ ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 26፣ ደሴ በተራ ቦምብ ስትደበደብ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። ዒላማ ተብሎ ተሰይሞ ይሁን፣ ክቡ ተንሸራቶ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ለነበረው ሰው አንድ ነው። ለታሪክ ግን አንድ አይደለም። ጥያቄው የሚነሳው ደግሞ ክብ ካለ ብቻ ነው፤ በቁጥሩ ሕግ የተመታ ሁሉ ዒላማ ነው፣ «ተሳስቼ ነው» የሚልም የሚዋሽም የለም።

ሰው ሳይገድል የሚጎዳ ፍንዳታን በተሻለ ያየ ሕግ ካነበብኳቸው ውስጥ ቦልት አክሽን ነው። ሪክ ፕሪስትሊና አሌሲዮ ካቫቶሬ በ2012 ያወጡት የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጨዋታ ነው። እዚያ ጓድህ ከተመታ፣ ሰው ሞተም አልሞተ፣ ፒን የሚባል ምልክት ይቀመጥበታል፤ ከባድ ፈንጂ ከሆነ ከአንድ በላይ። ፒን ያለበት ጓድ ትእዛዝ ሲሰጠው እሺ ማለቱ አይታወቅም። ሁለት ዳይስ ትጥላለህ፤ ድምሩ ከጓዱ ወኔ፣ ፒኖቹ ከተቀነሱበት በኋላ፣ እኩል ወይም ያነሰ መሆን አለበት። የመደበኛ ወታደር ወኔ 9 ነው። ፒን ከሌለበት ከ36 አጋጣሚዎች በ30ው ይታዘዛል። ሦስት ፒን ካለበት 6 እና ከዚያ በታች ያስፈልገዋል፤ ከ36 በ15ቱ ብቻ። አንድም ሰው ሳይሞትበት ከግማሽ በላይ ጊዜ አልነሣም ይላል። ፒኖቹ ከወኔው ጋር እኩል ከሆኑ ጓዱ ከጠረጴዛ ይነሣል።

መጀመሪያ ይህን ስጫወት ተናድጄ ነበር፤ ወታደሮቼ አሉ፣ ቆርኪዎቼ ሙሉ ናቸው፣ ግን አይንቀሳቀሱም። ጓደኛዬ፣ እሱ ከእኔ ይልቅ የዚህን ነገር ጠባይ ያውቃል፣ «እኔም አልነሣም ነበር» አለኝ። አንባቢ ሕጉን እንደ ገጸ ባሕርይ የሚያየው እንዲህ ሲሆን ነው። በቦልት አክሽን ሕግ ውስጥ ሰው አለ፤ በዋርሃመር አዲሶቹ እትሞች ውስጥ ያለው ቆጠራ ነው። ፒኑ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ በተራህ ትእዛዙ ከተሳካ ይነሣል። ድንጋጤው ይለቃል። ለጨዋታ መልካም ነው፤ አለበለዚያ ማንም አይንቀሳቀስም።

ክቡም ቁጥሩም ፒኑም የሚጋሩት ሌላ ጉድለት አለ፤ ፍንዳታው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ተራ ነው የሚሆነው። ዳይሱን የሚጥል እጅ አለ። ባለቤት የሌለው ፍንዳታ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ግን ታውቀዋለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ በደቡብ አዲስ አበባ የነበረ የጥይት ግምጃ ቤት ፈነዳ። ጦርነቱ አልቋል ተብሏል። ሮኬቱም መድፉም ያለ ተኳሽ ወደ መንደሩ ይበር ጀመር። ብዙ ሰው ሞተ። የ1977ቱን ረኃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያንን ለመቅረጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። ዒላማ የለም፣ ጓድ የለም፣ ተራው የማንም አይደለም። ክብ ብቻ ነው ያለው፣ ከሥሩም ሰው።

ለዚህ እኛ የራሳችንን ሕግ ጨምረናል። ክቡን መልሰናል፣ ከ96 ሚሊ ሜትር ካርቶን፤ ፒኑንም ከቦልት አክሽን ተበድረናል። የተወረወረ ቦምብ ዳይሱ ላይ 1 ከመጣ አልፈነዳም ይባልና በወደቀበት ቦታ አንድ ፍሬ ምስር ይቀመጣል። ምስሩ አይነሣም። ከአምስት ዙር በኋላ ጠረጴዛው በምስር ይሞላል፣ የት እንደሚረገጥ ይቸግራል፤ አንዳንዱ ተጫዋች ያማርራል፣ ጊዜ ይፈጃል ይላል፤ ይፈጃልም። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ፣ ሁለታችንም ተራችንን ጨርሰን የማንም ተራ በማይሆንበት ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ምስር አንድ ዳይስ ይጣላል። 6 ከመጣ ክቡ እዚያ ይቀመጣል።

ዳይሱን ማን ይጣለው በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።